የርካሹን ፓኔል ዕዳ ማን ይከፍላል?

ፀሐይ በነፃ ትወጣለች። ለሀብታምም ለድሃም፤ ለከተሜም ለባላገርም እኩል ስለምታበራ፤ ስለ እርስዋ ዋጋ የሚከራከር ሰው የለም። በአገራችን በአብዛኛው ስፍራ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በየቀኑ በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ ኃይል ታፈስሳለች፤ ይህም ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚመኙት እንጂ የሚያገኙት አይደለም። ክርክሩ የሚጀምረው ይህን የነፃ ስጦታ ወደ መብራት በሚለውጠው ዕቃ ላይ ነው። በገበያችን የምናየው ሶላር ፓኔል ከሞላ ጎደል ሁሉም በመርከብ ተጭኖ፤ በጅቡቲ ወደብ አልፎ፤ በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎበት የሚመጣ ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኛው ነገ መሐንዲስ ወይም የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ለመሆን በትምህርት ላይ ያለው ተማሪ ነው። ሁለተኛው በወረዳ ወይም በዞን ጽሕፈት ቤት በጨረታ ኮሚቴ አባልነት ተመርጦ፤ ለጤና ኬላና ለትምህርት ቤት በሚገዛው ፓኔል ላይ ፊርማውን የሚያኖረው ወጣት ሹም ነው። ለሁለቱም የምለው አንድ ነገር ነው፤ በጨረታ ሳጥን ውስጥ ርካሽ ሆኖ የተገኘ መጥፎ ፓኔል ዕዳው አይቀርም፤ የሚከፍለው ሰው ብቻ ይለወጣል።

የፓኔል ጥበብ የትናንት ግኝት አይደለም። በአሜሪካን አገር በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩ ሦስት ሊቃውንት ለሥራ የሚበቃውን የመጀመሪያውን የሲሊከን ሴል ለሕዝብ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1954 ነበር። ያን ጊዜ ሴሉ ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሆን፤ ዛሬ ተራ የሚባለው ፓኔል እንኳ ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣል። ዋጋውም እጅግ ስለ ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በቻይና ፋብሪካ በር ላይ አንድ ዋት ወደ 10 የአሜሪካን ሳንቲም ገደማ ይሸጥ ነበር። ከዓለም የፓኔል ምርትም ከመቶ ሰማንያ እጅ በላይ የሚሆነው የሚወጣው ከዚያው ከቻይና ነው። ይህ ርካሽነት ለእኛ በረከት ነው። እኔም ርካሽነትን በደፈናው ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም፤ ውድ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው የሚል ሰው ደግሞ የነጋዴ ምርኮኛ ነው። የምነቅፈው፤ በሚገባ የተሠራው ርካሽና በማጭበርበር የተሠራው ርካሽ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ሲመጡ፤ ለይቶ ለማወቅ አለመድከማችንን ነው።

ልብሳቸው በእርግጥ አንድ ነው። ሁለቱም መስታወት ናቸው፤ ሁለቱም በስተውስጥ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ናቸው፤ ሁለቱም በአሉሚኒየም ፍሬም ተከበዋል፤ በጀርባቸውም ዋቱን የሚናገር ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ልዩነቱ ያለው ዓይን በማያየው ስፍራ ነው። በመስታወቱ ሥር የተደረደሩት ሴሎች እንደ ብስኩት ተሰባሪ ናቸው፤ ብየዳቸው የላላ እንደ ሆነ በቀን ሙቀትና በሌሊት ብርድ ሲዘረጉና ሲኮማተሩ ይላቀቃሉ። የጀርባው ፕላስቲክ ሽፋን ጥራት የሌለው ከሆነ በጥቂት ዓመት ይሰነጠቅና እርጥበት ያስገባል። እርጥበት የገባበት ፓኔል በአንድ ቀን አይሞትም፤ ቀስ እያለ ይደክማል። ባለቤቱም ጥፋቱን አንድ ጊዜ በደመናው፤ አንድ ጊዜ በባትሪው ላይ ሲያላክክ የዋስትናው ጊዜ ያልፋል።

የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የጆርጅ አከርሎፍን ስም ሳያውቁት አይቀሩም። ይህ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጥናት፤ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው ማወቅ በማይችልበት ገበያ ውስጥ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ እንደሚያስወጣ አስረድቷል፤ ለዚሁም እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ነገሩ ለመርካቶ ሰው አዲስ አይደለም። ገዢው መለየት ካልቻለ ለጥሩው ፓኔል ተጨማሪ አይከፍልም፤ ተጨማሪ ካልከፈለ ደግሞ ጥሩውን የሚያመጣው አስመጪ ይከስራል፤ በመጨረሻም ገበያው ውስጥ የሚቀረው ሁሉም ሰው «ሶላር ድሮም አይሠራም» እያለ የሚሰድበው ዕቃ ብቻ ይሆናል።

ይህም በጎረቤታችን በኬንያ በተግባር ታይቷል። በዚያ አገር ገበሬው ከመንግሥት ሳይጠብቅ ፓኔል በገዛ ገንዘቡ ከሱቅ መግዛት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ከካሊፎርኒያ የሄዱ ተመራማሪዎች አሞርፈስ ሲሊከን የሚባለውን ርካሽ ዓይነት ፓኔል ገበያው ውስጥ እያነሡ በለኩ ጊዜ፤ አንዳንዱ በወረቀቱ ላይ የተጻፈበትን ያህል ኃይል ሲሰጥ፤ አንዳንዱ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ ከተገለጸ በኋላ ገበያው ተሻሻለ፤ ነገር ግን ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ደካማ ፓኔል እንደ ገና ብቅ አለ። ተመራማሪዎቹም የደረሱበት አሳብ፤ አንድ ጊዜ ለክቶ መተው እንደማይበቃና ሁልጊዜ የሚለካ፤ ሥልጣንም ያለው ተቋም እንደሚያስፈልግ ነው። ሻጭ ሁሉ ሌባ ስለ ሆነ አይደለም፤ የማይለካ ገበያ ሐቀኛውን ሻጭ ስለሚቀጣ ነው።

ይሁን እንጂ ላቦራቶሪ የለንም ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ስንፍና ነው። በሜትርና በእርሳስ ብቻ የሚያዝ ውሸት አለ። ፓኔል የሚመዘንበት የፀሐይ ብርሃን መለኪያ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ነው። እንግዲህ ፓኔሉ 20 በመቶ የሚለውጥ ከሆነ ከአንድ ካሬ ሜትር የሚገኘው 200 ዋት ነው ማለት ነው፤ በገበያ ላይ ካሉት እጅግ የተመረጡት እንኳ 25 በመቶን ይሻገራሉ ለማለት አይቻልም። አሁን አንድ ነጋዴ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20፤ ወርዱ 80 ሳንቲሜትር የሆነ ፓኔል አምጥቶ «300 ዋት ነው» ቢል፤ ስፋቱ 0.96 ካሬ ሜትር ነውና ፓኔሉ ከ31 በመቶ በላይ መለወጥ ሊኖርበት ነው። እንዲህ ያለ ፓኔል በሱቅ አይሸጥም፤ ወረቀቱ ዋሽቷል። ሁለተኛውን ፈተና ደግሞ ራሱ ወረቀቱ ያቀርባል። በሙሉ ኃይሉ ጊዜ የሚሰጠው ቮልትና አምፔር ተጽፎበታል፤ ሁለቱን ማባዛት ነው። 18 ቮልት በ5.5 አምፔር ሲባዛ 99 ይሆናልና 100 ዋት ቢባል ያስኬዳል። 18 ቮልት በ3 አምፔር ተጽፎ ከላይ «100 ዋት» የሚል እንደ ሆነ ግን፤ ፋብሪካው የራሱን ውሸት እንኳ አላስተካከለም። የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራውን ይህን ሒሳብ ሳይሠራ የሚፈርም ኮሚቴ ስለ በጀት ማነስ ባያማርር ይሻለዋል።

ከዚህ የሚያልፈው የምስክር ወረቀት ጉዳይ ነው። አይ.ኢ.ሲ. 61215 የፓኔሉን ጽናት፤ አይ.ኢ.ሲ. 61730 ደግሞ ከእሳትና ከኤሌክትሪክ አደጋ መጠበቁን የሚመለከቱ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ናቸው። የምስክር ወረቀት ሲቀርብ በላዩ ያለው የሞዴል ስም በፓኔሉ ጀርባ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ማየት፤ የሰጠውንም ላቦራቶሪ በደብዳቤ መጠየቅ ይገባል፤ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ለማንም አይከብድም። «ቲር አንድ ነው» የሚለውም ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ይህ ዝርዝር ብሉምበርግ ኤን.ኢ.ኤፍ. የተባለው ድርጅት ባንኮች የየትኛውን ፋብሪካ ፓኔል ለያዘ ፕሮጀክት እንደሚያበድሩ ለማሳየት የሚያወጣው ነው እንጂ፤ ስለ ዕቃው ጥራት የሚመሰክር አይደለም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለማስረዳት ያህል፤ አንዱ ተጫራች ፓኔሉን በ10,000 ብር፤ ሌላው በ16,000 ብር አቀረበ እንበል። የመጀመሪያው አራት ዓመት፤ ሁለተኛው ሃያ ዓመት የሚያገለግል ቢሆን፤ የመጀመሪያው በዓመት 2,500 ብር፤ ሁለተኛው 800 ብር ይፈጃል። በጨረታው ቀን 6,000 ብር ያተረፈ የመሰለው ጽሕፈት ቤት፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ሆኗል። በዚህ ላይ በየአራት ዓመቱ ፓኔሉን የሚያጓጉዘው መኪና፤ መኪና በማይገባበትም በቅሎው፤ የሚተክለው ባለሙያ አበልና እስኪተካ ድረስ በጨለማ የሚያልፈው ወር አልተቆጠረም።

አስተዋይ ተማሪ በዚህ ላይ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፤ «የዛሬ ብር ከነገ ብር ይበልጣል፤ ትርፉን 6,000 ብር ዛሬ ሌላ ሥራ ላይ ባውለው ይሻላል» ይል ይሆናል። በመጽሐፍ ላይ እውነት ነው። ነገር ግን ነገ የምንተካው ፓኔል የሚገዛው በዶላር ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተፈቀደ ጊዜ፤ ወደ 57 ብር ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር ጥቂት ሳምንት ሳይሞላው ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት «አሁን ርካሹን፤ በኋላ ጥሩውን» ብሎ የገዛ መሥሪያ ቤት ያን «በኋላ» በስንት እንደ ገዛው ሒሳብ ሹሙ ያውቀዋል። «የመብራት መስመር በሁለት ዓመት ሊደርሰን ስለ ሆነ ሃያ ዓመት የሚቆይ ምን ያደርግልናል?» የሚልም አይጠፋ ይሆናል። ጥሩ ፓኔል ነቅለው ወደ ሌላ ቀበሌ ይወስዱታል፤ መጥፎውን ግን ነቅሎ የሚወስደው ቆራሌው ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ብልህነት ነው። እኔ ግን ነገሩ የሥነ ምግባርም ጉዳይ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው። በገዛ ገንዘቡ ለገዛ ቤቱ የሚገዛ ሰው ሲሳሳት የሚጨልመው የራሱ ቤት ነው። የቀን ሠራተኛው ከደመወዙ ቆጥሮ ትንሽ መብራት ሲገዛ ርካሹን ቢመርጥ ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ኩራዝ ከማጤስም ተገላግሏል። የመንግሥት ሹም ግን በሰው ገንዘብ ለሰው ይገዛል። ፓኔሉ ሲደክም እርሱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፤ ምናልባትም አድጓል። በጤና ኬላው ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት በስልክ መብራት ስትዋለድ፤ የተማሪው ቤተ መጻሕፍት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ሲዘጋ፤ የጨረታው ቃለ ጉባኤ በፋይል ውስጥ «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተመርጧል» እያለ በንጽሕና ተቀምጧል። ኦዲተርም ቢመጣ የሚያገኘው ጉድለት የለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ክፉ አባባል ሁላችንም እንጸየፋለን፤ ነገር ግን አንድ ሳንቲም ሳይበላ ወረዳውን በጨለማ ያስቀመጠ ሹም ሊኖር እንደሚችል አናስብም።

«ሕጉ ዝቅተኛውን ዋጋ ምረጡ ይለናል» የሚለው ምክንያትም አያስኬድም። በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረው የመንግሥት ግዥ አዋጅ እንኳ፤ በሌላ ከመተካቱ በፊት፤ አስቀድሞ የቴክኒክ መስፈርቱ እንዲሟላ ይጠይቅ ነበር፤ ከዋጋ ሌላ ጥቅሞችን መዝኖ መምረጥንም ይፈቅድ ነበር። መስፈርቱን የሚጽፈው ደግሞ ራሱ ገዢው ነው። «ፓኔል፤ 200 ዋት፤ ብዛት 12» ብሎ የጻፈ ሰው የጠየቀውን አግኝቷል። ከክትባት ማቀዝቀዣ አገዛዝ ብንማር ይበጀን ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት ስላለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ማቀዝቀዣዎቹን እያስፈተነ ያለፉትን በዝርዝር ያወጣል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም ሲገዙ ከዚያ ዝርዝር ይመርጣሉ። ዋጋ የሚወዳደረው ፈተናውን ባለፉት መካከል ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልለፍ። የፓኔል ሲሊከን የሚነጠረው ብዙ ኤሌክትሪክ በሚፈጅ ምድጃ ነው፤ በቻይና ምዕራብ በሺንጂያንግ ክፍለ ሀገር የከሰል ኤሌክትሪክ ርካሽ ስለ ሆነ ብዙ ፋብሪካ እዚያ ተተክሏል። በእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ሃላም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፤ ለፓኔል ከሚሆነው የዓለም ፖሊሲሊከን ወደ 45 በመቶ የሚሆነው ከዚያ እንደሚመጣ ገልጸው፤ የኡይጉር ሕዝብ ተወላጆች ያለ ፈቃዳቸው በሚመደቡበት የሥራ ዝውውር ውስጥ ፋብሪካዎቹ ተካፋይ መሆናቸውን ጽፈዋል። የቻይና መንግሥት ይህን ክስ አይቀበልም። የአሜሪካን ሕግ ግን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ጀምሮ ከዚያ ክፍለ ሀገር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፤ አስመጪው ካላስተባበለ በቀር፤ በግዳጅ ሥራ እንደ ተሠራ ይቈጥረዋል። የአውሮፓ ኅብረትም በግዳጅ የተሠራ ዕቃን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 አጽድቆ ከታኅሣሥ 2027 ጀምሮ ሊሠራበት ወስኗል።

ብዙ ሰዎች በዚህ ጊዜ፤ «እኛ ድሆች ነን፤ የቻይናን ፋብሪካ የምንመረምር ማን ሆነን ነው?» ይላሉ። አሳባቸው ከንቱ አይደለም፤ ፓኔል ሞልቶ የተረፈው አገር ለመምረጥ ይመቸዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ይታሰብ። ትልልቆቹ ገበያዎች በራቸውን በዘጉ ጊዜ የተዘጋበት ዕቃ ወደ ባሕር አይጣልም፤ ወደማይጠይቅ አገር ይሄዳል። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 እንደ ጻፉት፤ አንዳንድ አምራቾች ለሚጠይቀው ገዢ አንድ፤ ለማይጠይቀው ሌላ የማምረቻ መስመር ወደ መለየት ሄደዋል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንም ሰው በኃይል ተገዶ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። በአገራችን የተከለከለውን ሌላው ሕዝብ ላይ ሲደርስ ዋጋ እንደ ቀነሰልን መቁጠር አይገባንም።

ይሁንና አንድ ወረዳ ይህን ሊያጣራ አይችልም፤ እንዲያጣራም መጠየቅ ቀልድ ነው። የሚችለው በማዕቀፍ ግዥ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ፓኔል የሚገዛው ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከአቅራቢው ፖሊሲሊከኑ ከየት እንደ መጣ የሚያሳይ ሰነድ መጠየቅ ለእርሱ የሚያስከፍለው የአንድ አንቀጽ ቀለም ነው። «ሰነዱ ካልተገኘ ጤና ኬላው በጨለማ ይቆይ ወይ?» ተብዬ ብጠየቅ፤ አይቆይ እላለሁ፤ በምጥ ላይ ያለችው እናት የሌላውን ዓለም ኃጢአት ልትከፍል አይገባትም። ነገር ግን ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፤ መልስ አለመገኘቱም ይመዝገብ፤ በሚቀጥለው ጨረታ የተሻለ መልስ ያመጣው ብልጫ ይሰጠው። ሰነዱ እንደሚገኝ ደግሞ ማስረጃው ቅርብ ነው። በ2017 ዓ.ም. በሐዋሳ የፀሐይ ሴል የሚሠራ ፋብሪካ ምርት ጀምሯል፤ ምርቱም በተለይ ለአሜሪካን ገበያ የታሰበ ነው። በእኛው ልጆች እጅ ለሚሠራው ሴል የአሜሪካን ገዢ ከመነሻው ጀምሮ የትውልድ ወረቀት ሲጠይቅ፤ ለቦረናና ለዋግ ኽምራ ትምህርት ቤት የሚገዛው ፓኔል ያለ አንዳች ጥያቄ የሚገባበት ምክንያት ለእኔ አይገባኝም።

ስለ ባትሪም አንድ ቃል ብቻ። ፓኔሉ ሳይሞት የሚሞተው ባትሪው ነው፤ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሬሳው መርዝ ነው። በሴኔጋል በዳካር አጠገብ ቲያሮይ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር፤ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ በየደጁ ይቀልጥ ስለ ነበር እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ወሮች 18 ሕፃናት ሞተዋል። ስለዚህ የሞተውን ባትሪ መልሶ የመውሰድ ግዴታ በአቅራቢው ላይ መጣል አለበት። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ባትሪ እርሳስም፤ በኮንጎ ሕፃናት የሚቆፍሩት ኮባልትም የለበትም፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ዕድሜው ረጅም ነው።

እንግዲህ በሚመጣው ጨረታ ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠ ወጣት ሹም ምን ያድርግ? መስፈርቱን ራሱ ይጻፍ፤ ወይም የሚያውቅ መሐንዲስ ያጽፍ። ከቀረበው ዕቃ ላይ በዕጣ ሁለት ሦስቱን አውጥቶ በእኩለ ቀን ፀሐይ በመልቲሜትር ያስለካ። ከክፍያው ከመቶ አሥር ያህሉ አንድ ክረምት እስኪያልፍ እንዲያዝ በውሉ ውስጥ ያስገባ። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሲሆን ብዛቱ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ፓኔል ተከታታይ ቁጥር ይመዝገብ፤ ቁጥሩ ያልተመዘገበ ፓኔል ላይ የ25 ዓመት ዋስትና ተጽፎ ቢመጣ፤ «ይህ የእኛ ዕቃ አይደለም» ለሚል ነጋዴ መልስ የለም። ይህን ሁሉ የሚያነሣ አባል በመጀመሪያው ስብሰባ «ሥራ አጓተትክ» መባሉ አይቀርም። ያን ጊዜ ንብረት ክፍሉ ተጠርቶ፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ከተገዙት ፓኔሎች ውስጥ ዛሬ የሚሠሩት ስንት እንደ ሆኑ በቃለ ጉባኤ ላይ ያስጽፍ።